ጠቦት ይዞ ይምጣ

ታምራት ቁጭ ብሎ የበላውን ምሳ ሚስቱ አዛለች አታስታውስም። ሰሃኑን ይዞ በረንዳ ይወጣል፤ አንዴ ይጎርስና እስከ አጥሩ ሄዶ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ይላል፤ የተቀቀለው የቦዬ ሥር እጁ ላይ ቀዝቅዞ፣ ማባያው ዳጣ ደርቆ ተመልሶ ይገባል። «መቀመጫህ ላይ እሾህ በቅሏል እንዴ፣ የቤቴል አባት?» ትለዋለች። «መጣሁ፣ መጣሁ» ይላታል። ከየት እንደሚመጣ እሱም አያውቀው፣ እሷም መጠየቁን ትታዋለች።

ሶዶ ከተማ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነው። ጠመኔውን ይዞ ከሰሌዳው እስከ መስኮቱ ሲመላለስ ልጆቹ አንገታቸውን እያዞሩ ይማራሉ። እሑድ ደግሞ ሰባኪ ነው። እንግዳ አገልጋይ መጥቶ በአማርኛ ሲሰብክ ወደ ወላይትኛ የሚመልሰው እሱ ነው፤ መድረኩ ላይ ወዲህ ወዲያ ሲል የማይክራፎኑ ገመድ ስንቱን እንግዳ ጠልፎ ሊጥል ምንም አልቀረው። ሰዉ ግን ይወደዋል። በተለይ ስለ ጠቦት ሲሰብክ።

«ጠቦት» የሚለውን ቃል እንደ ታምራት ያገላበጠው ሰው ያለ አይመስለኝም። ግልገል ማለት ገና ከእናቱ ሥር ያልራቀው ነው ይላል፤ ጠቦት ደግሞ ወንዱ፣ ጠንከር ያለው፣ ሙክት ሳይሆን በፊት ያለው። ቀጥሎ ምእመኑን ይጠይቃል፤ «አንድን ሰው ‹እሱ እኮ በግ ነው› ስንል እያመሰገንነው ነው ወይስ እየሰደብነው?» ሰው ይስቃል። ሳቁ ሳያልቅ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሲያርዱት የማይጮኸውን፣ ነውር የሌለበትን፣ ስለ ሌላው የሚሞተውን ያነሣል። «ያ ጠቦት አንድ ጊዜ ታርዷል» ይላል በመጨረሻ፣ «ከእንግዲህ በማንም ደጅ፣ ስለ ማንም በደል፣ የማንም ደም አይፈስም!» እናቶች ያለቅሳሉ። የሰፈሩ ልጆች «ጠቦቱ ታምራት» የሚል ስም ያወጡለት በዚህ ነው። አዛለች ግን ስብከቱንም ሰባኪውንም ስለምታውቅ፣ «የኔ ባል ስለ በግ ይሰብካል፣ እንደ ፍየል ይዘላል» ትላለች።

ድሮም ቀዥቃዣ ነበር፤ እንዲህ የባሰበት ግን አባቱ ከሞቱ ወዲህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታቸው የሚኖሩት ከዲምቱ ወጣ ብላ ባለች መንደር፣ ከታላቅ ወንድሙ ከአንጁሎ ጋር ነበር። በእርጅናቸው ጌታን ተቀብለው ነበርና ሲሞቱ ታምራት መዘምራንና ድምፅ ማጉያ በሚኒባስ ጭኖ ከሶዶ ወረደ። መንደሩ በለቅሶው ሜዳ ተሰብስቦ ነበር። በዚያ አገር ደንብ የሟች የበኩር ልጅ የአባቱን ጦር ይዞ በሜዳው እየሮጠ፣ አባቱን በስሙና በሥራው እየጠራ ያለቅሳል፤ ሰውም እየተቀበለ ያለቅሳል። ታምራት ይህን ሁሉ አላስጀመረም። ማይክራፎኑን ያዘ፣ «አባታችን አማኝ ነው፤ ተስፋ እንደሌላቸው አናለቅስም» አለ፣ አዘመረ፣ ጸለየ፣ አስቀበረ። በእግራቸው ከሃላሌ ተነሥተው የመጡት የአባቱ እህት ልጆች ሲደርሱ መቃብሩ ተደፍኖ፣ ሚኒባሱም ሄዶ ነበር። አንጁሎ ጦሩን መልሶ ጣራው ሥር ሰካው። «አባቴን ሰርቆ እንዳመጣው ዕቃ አጣድፎ ቀበረው» አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ከወንድሙ ጋር አልተነጋገረም።

ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው። ታምራት በልቡ ትክክል ነበርኩ ይላል። ትክክል የሆነ ሰው ግን ለምን አርፎ እንደማይቀመጥ ለራሱም አይገባውም።

ቤቴል፣ አንዲት ልጁ፣ ዘንድሮ ልትዳር ሆነ። የሙሽራው ቤተሰቦች ከቢጠና ሽማግሌ ላኩ፤ ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ልጁም የጤና መኮንን ነው። ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ነበር። ቤቴል ግን ሽማግሌዎቹ ፊት መጥታ እጅ ከነሣች በኋላ፣ ጓዳ ገብታ አባቷን አስጠራችው።

«አባዬ፣ ጋሽ አንጁሎ ሳይመርቀኝ ከዚህ ቤት አልወጣም።»

«እሱ እኮ አይመጣም፣ ልጄ።»

«እንግዲያው እኔም አልሄድም» አለችው። ቁጣ የለ፣ ለቅሶ የለ። አጎቷ ነው በልጅነቷ ክረምት ክረምት እየወሰደ ትከሻው ላይ አድርጎ ያሳደጋት፤ እንሰቱ መሃል ድብብቆሽ የተጫወተላት እሱ ነው። አባቷማ መቼ ተቀምጦ ተጫውቶላት ያውቃል?

ታምራት ጭንቅ ሲለው ስልክ አስደወለ። የመንደሩ ሽማግሌ ጋሽ ጩማ ናቸው መልሱን ያመጡት፤ አንጁሎ የተናገረው ሦስት ቃል ብቻ ነው አሉ። «ጠቦት ይዞ ይምጣ።»

ትርጉሙ ለታምራት ግልጽ ነው። በዚያ መንደር የበደለ ሰው ጠቦቱን በገዛ እጁ እየሳበ በተበዳዩ ደጅ ይመጣል። እዚያው ይታረዳል። ሁለቱ ሰዎች በአንድነት እጃቸውን ደሙን ያስነኩና ቂሙ እዚያው መሬት ላይ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ያነሣው ሰው ነውረኛ ነው።

እንግዲህ ፍረዱ። በየመድረኩ «የማንም ደም አይፈስም» እያለ ሲጮህ የኖረ ሰው አሁን ደም ሊያፈስ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ብትሰማ ከመድረክ ታወርደዋለች፤ ከጌታ እራትም ታግደዋለች። ባይሄድ ደግሞ ወንድም የለውም፤ ልጁም አትዳርም። ያን ሰሞን አዛለች ምሳ ማቅረቡን ተወችው፤ እየተከተለች ማጉረስ ጀመረች። ትምህርት ቤት የአራተኛ ክፍልን ትምህርት ለሦስተኛ ክፍል አስተምሮ ወጣ። ከዳሞታ ተራራ በኩል ዝናቡ ሲመጣ ጃንጥላውን ሳይዝ ይወጣል፤ ፀሐይ ሲሆን ዘርግቶ ይሄዳል።

በመጨረሻ ነገሩን ለአጥር ጎረቤቱ፣ ለጡረተኛው ለጋሽ ገብረአማኑኤል አዋያቸው። ኦርቶዶክስ ናቸው፤ በሃይማኖት ነገር ሁለቱ ሲከራከሩ አጥሩ ራሱ ይሰለቻል። ያን ቀን ግን አልተከራከሩትም።

«ወንድምህ ያለህ ጠቦት አምጣ ነው እንጂ እምነትህን ካድ ነው?» አሉት።

«ለኔ አንድ ነው፣ ጋሽ ገብሬ።»

«ላንተ ሁሉም ነገር ስብከት ነው። ለማንኛውም በግ መግዛት ለኔ ተወው። ቅዳሜ አብሬህ ገበያ እወርዳለሁ፤ ጥሩ አድርጌ መርጬ እሰጥሃለሁ።»

«ቅዳሜ ሩቅ ነው። ነገውኑ ገዝቼ ልገላገል።»

«ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» አሉት። እሱ ግን ገና ሳይጨርሱ፣ ነገ እመጣለሁ ብሎ ለጋሽ ጩማ ሊደውል እየሄደ ነበር።

በማግስቱ በጎች ከሚሸጡበት ቦታ ሲደርስ ዐይኑ መጀመሪያ ያረፈው በግ ላይ አይደለም፤ ከመዘምራኑ አንዷ ዶሮ ስትገዛ አያት። አንገቱን ሰበር አድርጎ ወደ አንዱ ነጋዴ ተጠጋ። «ጠቦት» አለው በሹክሹክታ።

ነጋዴው ደግሞ ድምፁ የማጉያ ያህል ነው። «ለምንድን ነው፣ መምህር? ለእርድ ነው?»

ዘማሪዋ ዞር አለች። «እንዴት ዋልክ፣ መምህር!» አለችው።

«ለ... ለቤት ነው» አለ ታምራት። «ለቤት።»

«ለቤት ከሆነማ እኔ አውቅልሃለሁ!» ብሎ ነጋዴው ከመንጋው መሃል አንድ ነጭ፣ ጠጉሩ ጥጥ የመሰለ አወጣለት። ታምራት ጥርሱን አላየ፣ ላቱን አልጨበጠ፣ ዋጋ እንኳ አልተከራከረም። ነጋዴው አንዱን ጆንያ ከሥር ቀዶ አስገባለት፤ ጭንቅላቱ ብቻ እንዲወጣ አድርጎ አሸከመውና ታምራት ሩጫ በሚመስል እርምጃ ወደ መናኸሪያ አመራ።

የዲምቱ ሚኒባስ ረዳት ጠቦቱ ጣራ ላይ ካልወጣ ብሎ ሞገተው። ታምራት እምቢ አለ። ለምን እንደሆነ አላወቀም፤ እንዲሁ አሳዘነው። ጭኑ ላይ አስቀመጠው። እንዳይንቀሳቀስ ሁለት እጁን ስለያዘበት መንገዱን ሙሉ እግሩን ብቻ ሲያንቀጠቅጥ ቆየ። አንዴ በመንገድ መሃል ጠቦቱ አንገቱን ክንዱ ላይ ጣለና ተኛ። ታምራት በሕይወቱ ስለ ጠቦት ብዙ ተናግሯል፤ የጠቦት ገላ እንዴት እንደሚሞቅ ግን አያውቅም ነበር። ነገ የምንታረድበትን የምናውቅ እኛ ነን የማናርፈው፣ ይሄ ተኝቷል፣ አለ በልቡ። ወዲያው ይህ ጥሩ ስብከት ይወጣዋል ብሎ አሰበ። ወዲያው ደግሞ አፈረ።

ከሚኒባሱ ወርዶ ጆንያውን አወለቀለት፤ አንገቱ ላይ ገመድ አሰረለት። በደንቡ እየሳበ ነው የሚሄደው። መንገዱ በበቆሎ ማሳ መሃል ነው። ጠቦቱ አንዳንዴ ይቀድመዋል፤ አንዳንዴ ደግሞ አራት እግሩን ተክሎ እምቢ ይላል። ውኃ ቀድተው የሚመለሱ ሴቶች አግኝተው ሰላም አሉት፤ ጥቂት አልፈው ሄደው ዞር አሉና እየተያዩ ሳቁ። ከፍ ብሎ በቆሎ የሚኮተኩቱ ሰዎችም መኮትኮቻቸውን ተደግፈው ሳቁ። ታምራት ፊቱ ጋለ። ሰባኪው ተዋርዶ መጣ ብለው ነው፤ ይሳቁ፤ ለዚሁም አይደል የመጣሁት፣ አለ። እየሳቁ ያሉት በሌላ ነገር መሆኑን ቢያውቅ እዚያው መንገድ ላይ ይመለስ ነበር።

የአንጁሎ ደጅ ሰው ሞልቶታል። ሽማግሌዎቹ ዛፉ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ በእንሰቱ ዳር ቆመዋል። አንጁሎ ከበሩ አጠገብ ነበር። አርጅቷል። ታምራት ይህን አልጠበቀም፤ በሐሳቡ ወንድሙ ሁልጊዜ ያ ጉልበታሙ ጎልማሳ ነበር።

«ሳሮ» አለ ታምራት። ሰላምታው በወላይትኛ ነበር፤ ከዚህ በኋላ የሚናገሩት ሁሉ በወላይትኛ ነው። ሰው ሁሉ «ሳሮ» ብሎ መለሰለት፤ አንጁሎ ግን አልመለሰም።

ጋሽ ጩማ ረጅም ምርቃት መረቁ። ካራው ወጣ። አንድ ጎረምሳ ጠቦቱን ተቀብሎ ሊጥል ጎንበስ አለ፤ የኋላ እግሩን አነሣ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ሽማግሌዎቹን አያቸው።

«ጋሽ ጩማ፣ ይቺ እኮ ሴት ናት።»

ለእርቅ ሴት በግ አይታረድም፤ ገና የምትወልድ ናት፤ የእሷን ደም ማፍሰስ እርቅ ሳይሆን እርግማን ነው። ይህን በዚያ አገር ያልሰማ ሕፃን እንኳ የለም። ከኋላ አንዱ «ሊያላግጥብን ነው የመጣው» አለ። ሌላው «ድሮም እንዲሁ ነው፣ የኛን ነገር ይንቃል» አለ።

ጋሽ ጩማ ክፉ ሰው አይደሉም። እጃቸውን አነሡ። «ቆይ፣ ቆይ። አትፍረዱበት። ሰውዬው የወንጌል ሰው ነው። ደም አላፈስም የሚል እምነት አለው። ልማዳችሁን ጥሼ ባዶ እጄን አልመጣም አለ፤ እምነቴንም አልጥስም አለ። ስለዚህ የማትታረደዋን መርጦ ይዞ መጣ። ይሄ ንቀት አይደለም፤ ብልሃት ነው!»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ ራሱን ነቀነቀ፤ ሌላውም ተከተለው። «እውነትም ብልህ ነው» የሚል ድምፅ ከሴቶቹ በኩል ተሰማ።

ታምራት በሩ ወለል ብሎ ሲከፈትለት ታየው። አንድ «አዎ» ይበቃዋል። መንደሩ ብልህ ይለዋል፤ ወሬው ሶዶ ሲደርስ ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ እምነቱን የጠበቀ ጀግና ትለዋለች። የሚቀጥለው እሑድ ስብከት የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ምላሱ ጫፍ ላይ መጥቶ ቆመ። እንዲህ ያለ ማር የመሰለ ስብከት በሕይወቱ አላገኘም።

ያኔ አንጁሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። ድምፁ ሻክሯል።

«አውቀህ ነው?»

የታምራት እግሮች ወዲያ ሊሄዱ አሉ። እጁ ግን ገመድ ይዟል፤ በገመዱ ጫፍ ደግሞ ግልገሏ ሣር እየጋጠች ነው። ዐይኑን አንሥቶ ወንድሙን አየ። በግራ ቅንድቡ ላይ ያለው ጠባሳ፣ በልጅነታቸው ታምራትን ከዛፍ ሊያወርደው ሲል የወደቀበት፣ አሁንም አለ። ስንት ዓመት ነው ይህን ፊት ያላየው?

«አላየሁም» አለ።

«ምን?»

«አላየሁም፣ ጋሼ። ነጋዴው ‹ለእርድ ነው?› ሲለኝ የቤተ ክርስቲያን ሰው አጠገቤ ቆማ ነበር። አፈርኩ። ‹ለቤት ነው› አልኩት። ለቤት የሚሆን ሰጠኝ። ወንድ ትሁን ሴት ጎንበስ ብዬ አላየሁም።»

መጀመሪያ ከሴቶቹ አንዷ ፈነዳች። ከዚያ ደጁ በሙሉ። ጋሽ ጩማ በርጩማቸው ላይ ሆዳቸውን ይዘው ተወዛወዙ። «ዕድሜ ልኩን ስለ ጠቦት ሰብኮ!» አለ አንዱ፤ «አንድ ቀን እንኳ ሥሩን ሳያይ!» አለ ሌላው። አንጁሎም ሳቀ። ሳይወድ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ የበሩን መቃን ይዞ ሳቀ።

ታምራት ግን አልሳቀም።

«ያን ቀንም አንተን አላየሁህም» አለ።

ሳቁ ከፊት ወደ ኋላ እየጠፋ ሄደ።

«አባባን ስንቀብር። ጦሩን ይዘህ ቆመህ ነበር አሉኝ። በኋላ ነው የሰማሁት። እኔ ማይክራፎኑን ነበር የማየው። አጠገቤ ቆመህ አላየሁህም፣ ጋሼ። ማልቀስህን ቀማሁህ።»

አንጁሎ ዞሮ ወደ ቤት ገባ።

ሰዎቹ ተያዩ። ጋሽ ጩማ ካራውን ወደ ሰገባው መለሱት። በቃ፣ አበላሸሁት፣ አለ ታምራት፤ ዝም ብዬ «አዎ» ብል ኖሮ ምን ነበረበት? ከውስጥ አንድ ነገር ሲንኳኳ፣ ሲጎተት ተሰማ።

አንጁሎ ሲወጣ ጦሩን ይዞ ነበር። ሸረሪት ያደራበትን በመዳፉ ጠረገው። ማንንም ሳያይ ወደ ደጁ መሃል ሄደና የአባታቸውን ስም ጠራ። አንዴ፣ ሁለቴ። ሦስተኛው ላይ ድምፁ ተሰበረ። ከዚያ ሮጠ፤ ባረጁ እግሮቹ እስከ አጥሩ ሮጦ ተመለሰ፣ ደግሞ ሮጠ፣ የአባቱን ሥራ እየቆጠረ። የቢላቴ ወንዝ ሲሞላ ገብተው ያወጡትን የጎረቤት በሬ አነሣ፤ በረሃብ ዘመን ከፍለው የሰጡትን እንሰት አነሣ። ሴቶቹ መቀበል ጀመሩ። ስድስት ዓመት የዘገየ ለቅሶ እንዲህ ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ ሲመጣ ግን ሁሉም የት ጋ መግባት እንዳለበት ያውቅ ነበር።

ታምራት አፉ ውስጥ የለመደው ቃል ተነሣ፤ «ተስፋ እንደሌላቸው...» የሚለው። ዋጠው። መሬት ላይ ተቀመጠ። ግልገሏ መጥታ ጎኑ ሥር ተኛች።

«ትንሹ ልጁ ሲታመም!» ብሎ ጮኸ አንጁሎ፣ «መኪና በሌለበት፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ ከዚህ እስከ ሶዶ ሐኪም ቤት በጀርባው ያዘለው! ‹ላግዝህ› ስለው ‹ካወረድኩት ይነቃል› ብሎ እምቢ ያለኝ! እግሩ እየደማ እንዳይነቃ እየዘመረለት የሄደው!»

ታምራት ይህን አያውቅም ነበር። ማንም ነግሮት አያውቅም። እንዲህ ያለው ነገር የሚነገርበት ቀን አንድ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ እሱ ዘግቶታል። ፊቱን ግልገሏ ጠጉር ውስጥ ቀብሮ እንደ ልጅ አለቀሰ። አባቱ ከሞቱ ጀምሮ ሲያለቅስ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሁሉ ከበረደ በኋላ አንጁሎ ጦሩን ግንዱ ላይ አስደግፎ እያለከለከ መጣና አጠገቡ ተቀመጠ። ከዚያ የግልገሏን ጆሮ ያዝ አድርጎ አያት።

«ጥሩ በግ ናት» አለ። «ነጋዴው ደግ ሰው ነው። እዚህ ትቀመጥ። ስትወልድ አንዱ ያንተ ነው፣ አንዱ የኔ። አንተ ግን መጥተህ ማየት አለብህ፤ በስልክ አይሆንም።»

«እመጣለሁ፣ ጋሼ።»

«የቤቴል ሰርግ መቼ ነው?»

«አንተ ያልከው ቀን።»

አንጁሎ ራሱን ነቀነቀ። ሰዎቹ መነሣት ጀምረዋል፤ ጋሽ ጩማ ከዘራቸውን እየፈለጉ ነው፤ የመጨረሻው ሚኒባስ ሊያመልጠው ነበር። ታምራት አልተነሣም።

«ኢሻ» አለ ቀስ ብሎ። ወንድሜ ማለት ነው፤ ከልጅነታቸው ወዲህ እንዲህ ብሎ ጠርቶት አያውቅም። «ያቺን በጀርባው ያዘለኝን... ድገምልኝ።»

አንጁሎ እግሩን ዘረጋና ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ቀስ ብሎ ደገመለት።